የመስጊዱ ጣሪያ አፈር

ሐሙስ ቀን፣ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ በወጣበት ሰዓት፣ መሬት ተንቀጠቀጠ። ቆይታው አንዲት የፋቲሓ ምዕራፍ አንብቦ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም ነበር። ሲቆም በላይኛው ሰፈር ሁለት ሕንፃዎች ብቻ አልወደቁም፤ የጁምዓ መስጊዱና የኢማሙ የሸህ ሙዘሚል ቤት። ሌላው ድንጋይና አፈር ሆነ።

የከተማይቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። በተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠች፣ ከቆላ የሚወጣ ጨው ነጋዴና ከደጋ የሚወርድ እህል ነጋዴ የሚገናኙባት አሮጌ የድንጋይ ከተማ ነበረች። ታሪኩን የሚያወሱት ሰዎች በአብዛኛው ይስማማሉ፤ የማይስማሙበትን ቦታው ላይ ስንደርስ እጠቅሰዋለሁ።

በቅድሚያ ስለ ጣሪያዎቿ መናገር ይገባል፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነውና። የከተማይቱ ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው። ከግንብ ግንብ የወይራ ወራጅ ይጋደማል፣ በወራጁ ላይ ጭራሮ ይረበረባል፣ በጭራሮው ላይ አፈር ይደለደላል። ክረምት ሲቃረብ ጣሪያው እንዳያፈስ በየዓመቱ አዲስ አፈር ይጨመርበታል። ሥራው በደቦ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ዛሬ ለአንዱ ቤት፣ ነገ ለሌላው አፈር ተሸክሞ ይውላል። አሮጌውን አፈር የሚያነሳ ግን የለም፤ ማንሳት ማለት ዝናብ ደጅ ቆሞ ሳለ ቤትን መክፈት ነው። ስለዚህ በአያት አፈር ላይ የአባት፣ በአባት ላይ የልጅ ይደረባል። ወፍራም ጣሪያ ክብር ነበር። ልጅ ሲታጭ «የእነ እገሌ ጣሪያ ክንድ ከስንዝር ነው» ተብሎ ይነገርለታል።

ከሁሉም የሚወፍረው የመስጊዱ ጣሪያ ነው። በከተማይቱ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ አንድ ቅርጫት አፈር በሟቹ ስም ሶደቃ፣ ምጽዋት፣ ብሎ ወደ መስጊዱ ጣሪያ ያወጣል፤ በዚያ ጥላ ሥር የተሰገደው ሶላት ሰዋቡ፣ ምንዳው፣ ለሟቹ እንዲደርስ። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። የቀረበት ቤተሰብ ግን አልነበረም። አባቱ፣ አያቱ፣ የአያቱ አባት አፈራቸው እዚያ ላይ ያልሆነ ሰው በከተማይቱ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ነበር።

የሸህ ሙዘሚል ጣሪያ በአንጻሩ የከተማው መሳቂያ ነበር። የደቦው ተራ በደረሳቸው ቁጥር ለሌላ ይለቁታል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚለቁት ለጎረቤታቸው ለባልቴቷ ለረውዳ ነበር። «እኔ ሚስት አለችኝ፣ ዝናብ ቢገባ የሚነግረኝ አለ፤ እሷ ብቻዋን ናት» ይላሉ። ባለቤታቸው እመት ጦይባ በዚህ አይስቁም ነበር።

«በጀነት ዝናብ የለም ይባላል» ይላሉ ለሚጠይቃቸው ሁሉ። «እዚያ እስክንደርስ ግን እኔ ድስትና ሳህን ደርድሬ ነው የማድረው።»

የዚያን ሐሙስ ሸህ ሙዘሚል ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ ድረስ ከሰዎች ጋር ድንጋይ ሲያነሱ ቆዩ። ረውዳን ከቤቷ ፍርስራሽ ያወጧት እሳቸውና አዛን የሚያሰማው ሙአዚኑ ሸምሱ ናቸው፤ በሕይወት ነበረች፣ እግሯ ግን ተሰብሯል። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እመት ጦይባን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

«ለምን ውጭ ተቀመጥሽ?»

«ውስጥ ቦታ የለማ» አሉ እመት ጦይባ። «የሰፈሩ ሴትና ሕፃን በሙሉ ገብቷል። ይህ የአላህ ወዳጅ የወሊይ ቤት ነው፣ አይወድቅም እያሉ ነው። ወሊዩ እርስዎ ነዎት እንግዲህ፤ እንኳን ደስ አለዎት።»

ሸህ ሙዘሚል በበሩ አጮልቀው አዩ። ሕፃናቱ ምንጣፉ ላይ ተደራርበው ተኝተዋል። አንዲት እናት ገና ስታያቸው እጃቸውን ይዛ ሳመችና «ዱዓዎ ነው ያቆመው» አለቻቸው። ሸህ ሙዘሚል ውጭ እንዲያድሩ ለመኗቸው፤ ማንም አልተነሳም። እሳቸው እስከ ንጋቱ ፈጅር ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። በዚያች ሌሊት መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ያነሱ ነበሩ። በየጊዜው ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ አንድ ነበር፦ «አልወደቀም፣ አል-ሐምዱሊላህ።»

ጁምዓ ጠዋት ጀናዛ ነበር። መሬቱ ድንጋያማ፣ ሟቹ ብዙ፣ ቆፋሪው የደከመ ስለነበር መቃብሮቹ ጥልቅ አልሆኑም። ከተቀበሩት አንዱ ሙኒብ ይባላል፤ የሐጂ በድረዲን አንድ ልጅ። ሐጂ በድረዲን የጨው ነጋዴ፣ የመስጊዱ ሽማግሌዎች አለቃ፣ የሸህ ሙዘሚልም የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ቁርአንን በአንድ ሰሌዳ ነው የተማሩት። ሲያለቅሱ ያያቸው ሰው የለም።

ከቀብር መልስ ሸህ ሙዘሚል ብቻቸውን ወደ መስጊዱ ገቡ። በሚህራቡ፣ ኢማሙ ቆሞ በሚያሰግድበት፣ በኩል ያለው ግንብ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ቀና ብለው ወራጆቹን አዩ። ግንቡ ወደ ውጭ ዘንበል በማለቱ የወራጆቹ ጫፍ ከማረፊያው ተንሸራቶ ወጥቷል። እዚያው ቆመው ሳሉ መሬቱ በስሱ ተንቀጠቀጠ። ከወራጆቹ መካከል አፈር እንደ ተነፋ ዱቄት በጭንቅላታቸው ላይ ወረደ። በእጃቸው ጠረጉት፣ አዩት፣ ወጡ። የወደቁትን ቤቶች አንድ በአንድ እየዞሩ ተመለከቱ። ከዚያ የራሳቸውን ቤት አዩ። ሰዎች እንደሚሉት ለረጅም ጊዜ ጣሪያቸውን እያዩ ቆመው ነበር።

ሐጂ በድረዲንን በመስጊዱ ቅጥር ግቢ መጥረጊያ ይዘው አገኟቸው።

«ሸኾቼ፣ ለጁምዓ ውስጡን ላስጠርግ ነው» አሉ ሐጂ። «አቧራ ወርዷል።»

«አታስጠርግ፣ በድሩ። ዛሬ ሜዳው ላይ ነው የምንሰግደው።»

«ለምን?»

«ወራጁ ከግንቡ ወጥቷል። በሁለት ጣት ነው የተያዘው። በላዩ ያለውን ሸክም አንተም ታውቃለህ።»

«ትናንት ያን ሁሉ ችሎ ቆሟል።»

«ትናንት በአንድ ስንዝር ተይዞ ነበር። ዛሬ በሁለት ጣት ነው።»

ሐጂ በድረዲን መጥረጊያውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ። «ትልቁ መጥቶ ሄዷል። የቀረው ጭራው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንስ አይደል ያደረው?»

«ትልቁ እሱ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«የአላህ ቤት ነው፣ ሸኾቼ።»

«ቤቱ የአላህ ነው። ጣሪያውን የጫንነው ግን እኛ ነን።»

ሐጂ በድረዲን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የአባቴ አፈር እዚያ ላይ ነው። የእናቴም። የሙኒብን ነገ በገዛ ጀርባዬ አወጣለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ከዚያ አፈር ሥር ግንባሬን ለሱጁድ ካልደፋሁ የት ልድፋ? ከበግ ጋር ሜዳ ላይ?»

ሐጂ በድረዲን ገብተው መጥረግ ጀመሩ።

ሸህ ሙዘሚል ውዱእ ለማድረግ ቤታቸው ሲደርሱ እመት ጦይባ ማሰሮ ይዘው ውኃ አፈሰሱላቸው። የሆነውን ነገሯቸው።

«ቀላል ነው» አሉ እመት ጦይባ። «በመናም አየሁ ይበሏቸው። ሌሊት በሕልሜ ነጭ የለበሰ መጥቶ ሕዝቡን አውጣ አለኝ ይበሉ። ዛሬ እንኳን ሜዳ፣ ወንዝ ውስጥ ግቡ ቢሏቸው ይገባሉ። በድሩም ቢሆን ይወጣል።»

«አላየሁም።»

«አላዩም፤ አውቃለሁ። እንቅልፍ መቼ ተኙ።»

«ካላየሁ አላየሁም፣ ጦይቤ።»

«ሰው ቢሞትስ? ጣሪያው ቢወርድ፣ ያን ሁሉ ሰው ለአንድ ሕልም ሲሉ ሊያስጨርሱት ነው?»

ሸህ ሙዘሚል ክንዳቸውን አጥበው ጨረሱ። «ዛሬ ሕልም ፈጥሬ ባወጣቸው፣ ነገ ሌላው ሕልም ፈጥሮ ያስገባቸዋል። ያን ጊዜ በምን እመልሳቸዋለሁ?» ወደ ቤቱ ውስጥ አመለከቱ፤ ሴቶቹ አሁንም እዚያው ነበሩ፣ እንዲያውም ጨምረዋል። «እነዚህንስ? ያላየሁትን አየሁ ባልኩ ቁጥር እዚህ ቤት ውስጥ የሚገባው ሰው ይበዛል።»

እመት ጦይባ ማሰሮውን አስቀመጡ። «እንግዲያው እውነቱን ይንገሯቸውና ያዋርዱን» አሉ። «እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

ሙአዚኑ ሸምሱን ያገኙት አዛን ወደሚያሰማበት ሰገነት ሊወጣ ጫማውን ሲያወልቅ ነው።

«ሸምሱ፣ ዛሬ ሰገነቱ ላይ አትውጣ፤ ሜዳው ላይ ቆመህ አዛን አድርግ። ‹ሐይየ ዐለስ-ሶላህ›፣ ወደ ሶላት ኑ፣ የምትልበት ቦታ ላይ ስትደርስ ደግሞ እሱን ተውና ‹ሶሉ ፊ ሪሓሊኩም› በል። ባላችሁበት ስገዱ።»

ሸምሱ ለአፍታ አያቸው። «ይህ ይፈቀዳል?»

«በጁምዓ ቀን፣ ለዝናብና ለጭቃ ሲባል ብቻ እንዲህ እንዲባል ያዘዙ የነቢዩ ባልደረቦች፣ ሰሓባ፣ ነበሩ። ያን ጊዜም ሰው አጉረምርሟል። ይህ ከጭቃ ይበልጣል።»

«እኔ ድምፅ እንጂ ዒልም፣ ዕውቀት፣ የለኝም፣ ሸኾቼ» አለ ሸምሱ። «በል ካሉኝ እላለሁ። ድንጋይ ከወረወሩብኝ ግን ሮጬ ከእርስዎ ኋላ ነው የምቆመው።»

«ቁም። ድንጋይ ዛሬ በሽ ነው።»

አዛኑ ተጀመረ። ሕዝቡ በየፍርስራሹ መካከል ቆሞ ሰማ። ሸምሱ የለመደው ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። በከተማይቱ ከዚያ በፊት በዚያ ቦታ ላይ ዝምታ ተሰምቶ አያውቅም። ከዚያ አዲሱ ቃል መጣ፤ ሁለት ጊዜ። ከርቀት ሴት ጮኸች ይባላል፤ ዓለም ያለቀ መስሏት።

ሰው ባለበት አልሰገደም። ወደ መስጊዱ በር ጎረፈ፤ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ። ሸህ ሙዘሚል በሩ ፊት ቆመው ነበር፣ ሐጂ በድረዲን ከበሩ ውስጥ። ሸህ ሙዘሚል ስለ ወራጁ ነገሯቸው፤ ስለ ሁለት ጣቱ፣ ስለ አፈሩ ክብደት። ሰው በጸጥታ አዳመጠ። ከዚያ ከመሃል አንድ ሽማግሌ ሳቅ ብለው፦

«ሸኾቼ፣ እርስዎ ከፊት ከቆሙ አይወድቅም» አሉ። «ቤትዎ መቼ ወደቀ?»

ሕዝቡ አጉተመተመ፤ ተስማማ። «እውነት ነው። ይግቡና ይምሩን!» «ከእርስዎ ጋር ምን እንሆናለን?» ወደፊት ገፉ። እጃቸውን ሊስሙ የሚዘረጉ ነበሩ።

ከሸህ ሙዘሚል ኋላ ያ የተሰነጠቀ ግንብ፣ ከፊታቸው ይህ እምነት። እመት ጦይባ ከሕዝቡ ዳር ቆመው ያዩዋቸው ነበር።

«ቤቴ ለምን እንዳልወደቀ ልንገራችሁ» አሉ ሸህ ሙዘሚል። «ከራማ፣ ተአምር፣ አይደለም። ወሊይ አይደለሁም። ጣሪያዬ ላይ አፈር የለም። ስትስቁበት የነበረው ጣሪያ ነው። የወደቁትን ዞሬ አይቻለሁ፤ ወፍራሞቹ ናቸው የገደሉን። ከወፍራሞቹም ወፍራሙ ይህ ነው።»

ከዚያ ከመሬት አካባቢ ድምፅ መጣ። ረውዳ ነበረች፤ በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተዋት ከግቢው ጥግ ተኝታለች፣ እግሯ በሁለት እንጨት ታስሯል።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «የእሳቸውን ተራ በየዓመቱ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ትናንት እግሬ ላይ የወረደው የእሳቸው ሶደቃ ነው።» ትንሽ አረፈችና ጨመረች፦ «አልተቀየምኩዎትም፣ ሸኾቼ። ግን ከባድ ነበር።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀና ወዲያው ተወው። ሸህ ሙዘሚል አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ሴቶቹ መለሱ።

«ቤቴ ውስጥ ያደራችሁም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ትናንት ቆሟል። ነገ የሚያቆመው ነገር እንዳለው አላውቅም። እኔም ጦይባም ከዛሬ ጀምሮ እዚያ አናድርም።»

አንድ ሰው እውነት ሲናገር ሁልጊዜ አይታመንም፤ አንዳንዴ ክብሩን ብቻ ያጣል። የሆነውም ይኸው ነው። እጅ ሊስሙ የተዘረጉት ተሰበሰቡ። ከሕዝቡ መሃል አንዱ፣ «ከራማ ከሌላቸው እንግዲህ እንደኛው ሰው ናቸው። የሰው ቃል ደግሞ ቢታለፍ ወንጀል የለበትም» አለ። ሳቅ ያሉት ሽማግሌ አንገታቸውን ነቀነቁና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ሌሎችም ተከተሉ። ስንት ሰው እንደገባ አይስማሙም፤ ሲሶው የሚል አለ፣ እኩሌታው የሚልም አለ። በሚህራቡ ፊት ሐጂ በድረዲን ቆሙ።

የቀሩት ሜዳው ላይ በሰፍ ተሰልፈው ቆሙ። ሸህ ሙዘሚል ኹጥባቸውን፣ ስብከታቸውን፣ አሳጠሩ፤ ኹጥባውን በበሩ የሚሰሙት የውስጦቹ ቶሎ ሰግደው እንዲወጡ ፈልገው ነው የሚሉ አሉ፣ ድምፃቸው አልወጣ ብሎ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ጀማዓ በአንድ ሰዓት ሶላት ገቡ፤ ከውስጥ የሚመጣው «አላሁ አክበር» ሜዳው ላይ ይሰማ ነበር።

በሶላቱ ሁለተኛ ረከዓ፣ ሰው ሱጁድ ላይ ሳለ፣ መሬቱ ተንቀሳቀሰ።

ግንባራቸው መሬት ላይ ስለነበር ሁሉም እኩል ተሰማቸው። ከመስጊዱ ውስጥ እንጨት ሲሰነጠቅ የመሰለ ድምፅ መጣ። በመስኮቶቹ አቧራ ወጣ። ከዚያ ሰዎች እየተገፋፉ፣ ባዶ እግራቸውን፣ እየሳሉ ከበሩ ጎረፉ። ሸህ ሙዘሚል ሶላቱን አላቋረጡም። ሶላቱን በማሰላመት ጨርሰው ወዲያው ዞሩ።

«ማን ቀረ?»

«ሐጂ» አለ አንዱ።

ሸህ ሙዘሚል ወደ በሩ ሄዱ። በውስጥ ከአቧራው በቀር የሚታይ አልነበረም። «በድሩ!» ብለው ተጣሩ። አንድ እግራቸውን ከደፉ አሳልፈው ሳሉ ከአቧራው ውስጥ የሚያሰላምት ድምፅ ሰሙ፤ በቀኝ፣ ከዚያ በግራ፣ ሳይቸኩል። ሐጂ በድረዲን ተነስተው መጡ። ከራሳቸው እስከ እግራቸው አፈር ለብሰዋል።

«ቆሟል» አሉ።

«አል-ሐምዱሊላህ» አሉ ሸህ ሙዘሚል።

«ይወድቃል ብለው ነበር።»

«አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩት። አሁንም አላውቅም።»

ሐጂ በድረዲን አልፈዋቸው ሄዱ። ሕዝቡም ያየውን አይቶ ተበተነ። መስጊዱ ቆሟል፤ ኢማሙ ግን ከራማ የለኝም ብለዋል። በማግስቱ ለፈጅር ከሸህ ሙዘሚል ኋላ ሜዳው ላይ የቆመው ሰው አንድ ሰፍ እንኳ አልሞላም። ከሸህ ሙዘሚል ቤት የወጡት ሴቶች ፍራሻቸውን ሜዳ ላይ ዘርግተው በብርድ አደሩ፤ አንዳንዶቹ ሰላምታቸውንም አይመልሱም ነበር። «ከሞቀ ቤት አውጥተውን» ይሉ ነበር፣ እሳቸው እየሰሙ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሸህ ሙዘሚል ቅርጫትና አካፋ ይዘው ወደ መስጊዱ ጣሪያ ወጡ። ሸምሱ ከታች ሆኖ አያቸው።

«ሸኾቼ፣ የሙታን ሶደቃ ነው። ሊያወርዱት ነው?»

«ሰዋቡ አፈሩ ውስጥ የተቀመጠ ይመስልሃል?»

ሸምሱ አሰበበት። «አይመስለኝም» አለ። «ግን ሰው ይመስለዋል።»

«አንተ ካልመሰለህ ቅርጫቱን ተቀበለኝ።»

አፈሩን የት እንደሚያደርሱት አስበውበት ነበር። የጁምዓ ዕለት የተቆፈሩት መቃብሮች ጥልቀት ስለሌላቸው ሌሊቱን ጅብ ዙሪያቸውን ሲዞር አድሮ ነበር። ሸህ ሙዘሚል ይቆፍራሉ፣ ሸምሱ ያወርዳል፣ እመት ጦይባ ተሸክመው ወደ መቃብር ያደርሳሉ። ጣሪያው ላይ መቆም ራሱ አደጋ ነበረው፤ ስለዚህ ከጠርዙ ተነስተው በደረታቸው ተኝተው ነበር የሚያነሱት። ሰው ከሩቅ ያይ ነበር። የረዳ አልነበረም፤ የከለከለም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ በድረዲን የልጃቸውን መቃብር ሊዘይሩ መጡ። እመት ጦይባ በሙኒብ መቃብር ላይ አፈር ሲደለድሉ ደረሱ። ሸህ ሙዘሚልም ቅርጫት ተሸክመው ከኋላቸው መጡ።

«ይህ አፈር ከየት ነው?» አሉ ሐጂ።

እመት ጦይባ ወደ ባላቸው ተመለከቱ።

«ከመስጊዱ ጣሪያ» አሉ ሸህ ሙዘሚል።

«የማን ነው?»

«የሁሉም። የአባትህም ውስጡ አለ፣ የእናትህም። የቱ እንደሆነ መለየት አልችልም።»

ሐጂ በድረዲን ተንበርክከው ከአፈሩ አንድ እፍኝ አነሱ። ይቆጣሉ ብለው እመት ጦይባ ወደ ኋላ ብለው ነበር። ሐጂ ግን አፈሩን ቀስ አድርገው መልሰው በመቃብሩ ላይ በተኑት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ለረጅም ጊዜ። ሲጨርሱ ፊታቸውን ሳይጠርጉ፦

«ሰው ምን እንደሚል ያውቃሉ?» አሉ። «ቤት የወደቀበት በኃጢአቱ ነው ይላሉ። የቆመው የተጠበቀ ነው፣ የወደቀው የተቀጣ ነው። ሙኒብ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ጨው ሲመዝን እንኳ ለገዢ ያደላል። በምን ኃጢአቱ ነው? መስጊዱ ውስጥ የቆየሁት ለዚህ ነበር። ወይ ይቁምልኝ፣ ወይ እኔንም ይውሰደኝ ብዬ።»

ሸህ ሙዘሚል ቅርጫታቸውን አውርደው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«በድሩ» አሉ፣ «የቆመ ሁሉ የተጠበቀ አይደለም። የወደቀም ሁሉ የተቀጣ አይደለም።»

በማግስቱ ሐጂ በድረዲን የጨው በቅሎዎቻቸውን አስነስተው መጡ። እሳቸው ሲመጡ ሌላው ሰውም መጣ። የትውልዶቹ አፈር ከጣሪያው ወርዶ በአዲሶቹ መቃብሮች ላይ አረፈ። ወራጆቹ ከሥራቸው በግንድ ተደገፉ፤ ጣሪያው ቀለለ። መቼ እንግባ ብሎ ሸምሱ በጠየቀ ቁጥር ሸህ ሙዘሚል «ገና» ይሉት ነበር። እስከ መቼ ሲላቸው፣ «አላውቅም።»

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያተኩሩት በሸህ ሙዘሚል ልግስና ላይ ነው፤ ተራቸውን ለባልቴት በመልቀቃቸው ላይ። እኔ ግን ያ የታሪኩ ቀላሉ ክፍል ይመስለኛል። ያ ልግስና የረውዳን እግር ሰብሯል፤ እሳቸውም አልደበቁትም፣ በደጉ ሐሳባቸውም አላሳበቡም። ከባዱ ሌላ ነው። ሕዝብ የሚፈልገውን ማዕረግ ይዞ በፊታቸው ቆሞ ነበር፤ ማዕረጉን ቢቀበሉ ይታዘዛቸው ነበር፤ መታዘዙም ለበጎ ይመስል ነበር። እሳቸው ግን በማያውቁት ነገር ላይ ዐዋቂ ሆነው አልቆሙም። ተወኩል፣ በአላህ መመካት፣ ማለት የማናውቀውን እንደምናውቅ መናገር ሳይሆን፣ ዕውቀቱን ለባለቤቱ ትቶ በእጃችን ያለውን ሸክም ማቅለል መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ስለ መሬት የሚያጠኑ ሰዎችም ዛሬ ከዚህ የራቀ ነገር አይሉም። ከትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ ብዙ ጊዜ ተከታዮቹ እያነሱና እየራቁ ይሄዳሉ፤ ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። ከተከታታይ መንቀጥቀጦች ዋናው የትኛው እንደነበረ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። በመካከሉ ያለ ሰው «ትልቁ አልፏል» ሲል የሚናገረው ምኞቱን ነው።

በዚያች ከተማ ትልቁ አላለፈም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከፈጅር አዛን በፊት፣ ከሐሙሱ እጅግ የበረታ መንቀጥቀጥ መጣ፤ ሰው ሁሉ «መንቀጥቀጡ» ብሎ ሲጠራው የሰነበተው የሐሙሱ ቀዳሚው ብቻ ሆኖ ተገኘ። መስጊዱ አንድ ጥጉን አጣ፤ የቀለለው ጣሪያ አልወረደም። የሸህ ሙዘሚል ቤት ግን እስከ መሠረቱ ወረደ። ስስ ጣሪያው በመጀመሪያው ቀን አትርፎት ነበር፤ በዚያው ስስ ጣሪያ ለብዙ ክረምት የገባው ዝናብ ደግሞ የግንቡን ጭቃ ከውስጥ አጥቦ ጨርሶት ኖሯል፤ ይህን ባለቤቱም አያውቁም ነበር። ድንጋዩን ሲያነሱ ያገኙት የእመት ጦይባን ድስቶችና ሳህኖች ነው፤ ተደርድረው እንደነበሩ ተጨፍልቀዋል። ሴቶቹና ሕፃናቱ ሜዳው ላይ፣ በብርድ በተኮራመቱበት ፍራሽ ላይ ነበሩ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም።